ግድግዳው ላይ የኖረው ጠመንጃ ጎርሶ ነበር

ከዘጌ ከተመለስኩ ወዲህ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል። የደረሰ አደጋ የለም። ማንም አልተጎዳም። ግን ሌሊት ስነቃ ያቺን ደቂቃ መልሼ መላልሼ አያታለሁ። ከሰው ጋር እያወራሁም ድንገት ትመጣብኛለች። ጽፌ ላውጣት ብዬ ነው።

የእናቴ ወላጆች ቤት ዘጌ ነው፣ ቡናው መሃል። እልፍኙ ውስጥ አንድ ጠመንጃ ተሰቅሎ ነው ያደግነው። በአፈሙዙ ባሩድና እርሳስ የሚጎርስ የድሮ ነፍጥ ነው። ወንድ አያቴ፣ ማለትም አባባ፣ ከአባቱ የወረሰው። ትምህርት ሲዘጋ እየሄድን ከሥሩ ተኝተናል። ማንገቻው ላይ ጋቢ ሰቅለንበታል። አባባ ካረፈ በኋላም እዚያው ቀረ። ማንም አላወረደው፣ ማንም ስለሱ አልጠየቀ። የቤቱ ዕቃ ነበር፣ በቃ።

ዘንድሮ የአክስቴ ልጅ ሊያገባ ሆነ። ሠርጉ ባሕር ዳር ነው። ሙሽራው ቪዲዮ ሲቀረጽ የአያቱን ጠመንጃ ይዞ መታየት ፈለገ። ሐሳቡን ሁላችንም ወደድነው። ፉከራው ሲደምቅ ሚዜዎቹም ተራ በተራ እንደሚይዙት ተወራ። በጀልባ ተሻግረን ልናመጣው ሄድን።

"ባዶነቱን ማን አየ?"

ቤቱ እንደ ወትሮው በሰው ተሞልቷል። ሴት አያቴ፣ ከመነኮሱ ወዲህ እማሆይ ነው የምንላቸው፣ ምድጃው ጥግ ተቀምጠዋል። ሕፃናቱ በሩ ላይ ተኮልኩለዋል። የአክስቴ ልጅ ጠመንጃውን አወረደና በጋቢው ጫፍ አቧራውን ጠረገው። ትከሻው ላይ አደረገው። ወደ በሩ አነጣጠረ። ከዚያ መምቻውን በአውራ ጣቱ ወደ ኋላ ሳበው። ዝጎ ስለነበር ትንሽ ተንቀጠቀጠና ቆመ።

ሊመርቁት የመጡ አንድ ሽማግሌ ጎረቤት ነበሩ። ቡናቸውን አስቀመጡ።

"ልጄ፣ አፈሙዙን ወደ መሬት አድርገው።"

"አባቴ፣ ይሄ እኮ የድሮ ነው። አይሠራም።"

"ባዶነቱን ማን አየ?"

መልስ የሰጠ የለም። እርስ በርሳችን ተያየን። አጎቴ "ኧረ ባዶ ነው፣ ስንት ዘመኑ!" አለ። ሽማግሌው አልተከራከሩም። "ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋ ስንጥር" ብቻ አሉ። ሕፃናቱን ከበሩ አስነሷቸው። ጠመንጃውን ራሳቸው ተቀበሉና አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት ወደ ጓሮው በኩል አዞሩት። መምቻው ሥር ያለውን ቦታ ጠጋ ብለው አዩት። እሳት የምትሰጠው ትንሿ የመዳብ ቆብ የለችም። እሱን ካዩ በኋላ ነው ቀጭን ሸምበቆ አምጡልኝ ያሉት።

ሸምበቆውን በአፈሙዙ ቀስ ብለው አወረዱት። አልገፉትም፣ እስኪያቆመው ብቻ ለቀቁት። አፈሙዙ ጫፍ ላይ ሸምበቆውን በጥፍራቸው ምልክት አደረጉበት። አወጡት። ከዚያ ያንኑ ሸምበቆ በብረቱ ውጪ፣ ከአፈሙዙ ጀምረው ወደ ኋላ አስተኙት። ባዶ ቢሆን ኖሮ የሸምበቆው ጫፍ እሳቱ የሚገባበት ቀዳዳ ድረስ መድረስ ነበረበት። አልደረሰም። አንድ ጋት ከምናምን ጎደለ።

አራት ጣታቸውን ክፍተቱ ላይ አሳረፉና ወደ እኛ ዞሩ። "ጎርሷል" አሉ።

የማልረሳት ደቂቃ እሷ ናት። ድምፅ የለ፣ ጩኸት የለ። አራት የደረቁ ጣቶች አንድ የዛገ ብረት ላይ። ስንት ዓመት ከሥሩ እንደተኛን አሰብኩ። ስንቱ ልጅ ወንበር ላይ ቆሞ በእጁ ነክቶታል። አሁን ደግሞ ሚዜዎቹ እየተቀባበሉት፣ ዲጄው እየጮኸ፣ አንዱ መምቻውን በኃይል ቢስበው እያልኩ አሰብኩ። ቆቧ ስለሌለች አይተኮስም ነበር ይባል ይሆናል። ግን ለጌጥ ብሎ አንዱ የሆነ ነገር አይከትበትም ብሎ ማን ይምላል? ሠርግ ላይ ሲጋራም ርችትም አለ።

እማሆይ ያውቁ ነበር

ጠመንጃው ጓሮ ወጥቶ፣ አፈሙዙ ወደ ሐይቁ ዞሮ፣ ሰው እንዳይጠጋው ተደረገ። ለፖሊስ ተነገረና ሙያው ያለው ሰው መጣ። መጀመሪያ ያደረገው በርሜሉን ውኃ መሙላት ነው። ረጅም ሰዓት ተወው። የጎረሰውን ያወጣው ከዚያ በኋላ ነው፣ ያውም ሁላችንንም ርቃችሁ ቁሙ ብሎ። መጀመሪያ የጨርቅ ቁራጭ ወጣ፣ የበሰበሰ። ቀጥሎ ድቡልቡል እርሳስ፣ ላዩ ነጥቶ። መጨረሻ ላይ ጥቁር ጭቃ። ከዳር በኩል ውኃው በደንብ ያልነካው ትንሽ ጉጥ ነበረች። እሷ ላይ ፍሬው ገና ይለያል፣ እንደ ኑግ ጥቁርና ደቃቅ። በፍሬዎቹ መሃል ነጭ ነጭ ነገር ወጥቶባታል።

"ቢለኮስ ይነሳ ነበር?" ብዬ ጠየቅኩት።

"አላውቅም" አለኝ። "ለማወቅም አልሞክርም።" ጉጧንም ባልዲው ውኃ ውስጥ ጨመራት።

ማታ እማሆይ አጠገብ ተቀመጥኩ። አባባ መቼ እንዳጎረሰው ያስታውሱ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ትንሽ እንኳ አላሰቡም። ደርግ ሊወድቅ አካባቢ ነው አሉኝ። ቡናው ደርሶ ነበር፣ ጦጣ አስቸግሯል፣ ሌባም ይወራ ነበር። አባባ ማታ አጉርሶ ሰቀለው። በዚያው ሰሞን ታመመ። ባሕር ዳር ለሕክምና ሄደ። ከዚያ በኋላ ጠመንጃ የሚያነሳ ጉልበት አላገኘም።

"ታዲያ እማሆይ፣ ጎርሶ እንዳለ ያውቁ ነበር?"

"እንዴት አላውቅም?"

"ለምን አልነገሩንም?"

ዞር ብለው አዩኝ። "ጠይቃችሁኝ ታውቃላችሁ?"

ቁጣ አልነበረበትም። ከልባቸው ነው የጠየቁኝ። እሳቸው ባደጉበት ቤት ግድግዳ ላይ ያለ ጠመንጃ ማለት የጎረሰ ጠመንጃ ማለት ነው። ማንም ሳይነግረው ማንም ያውቀዋል። ልጅ አይነካውም፣ እንግዳ ወደ ሰው አያዞረውም። ለእኛ ግን ጌጥ ነው። በእሳቸውና በእኛ መሃል ያ ነገር የጠፋው ማንም ሳይዋሽ፣ ማንም ሳይደብቅ ነው። አንድ ቤት ውስጥ እየኖርን እሳቸው መሣሪያ ያዩበት ቦታ እኛ ማስታወሻ አየን።

ሌላም ነገር ነገሩኝ። ጠመንጃው የአባባ ነበር፣ ባሩዱ ግን የእሳቸው። ባሩዱ የሚቀመጠው በበሬ ቀንድ ነው፣ አፉ በእንጨት ውታፍ ተወትፎ። ክረምት ሲገባ ከሐይቁ የሚነሳው እርጥበት እንዳይደርስበት ቆጡ ላይ ያወጡታል። ቆጡ ደግሞ ከምድጃው በላይ ነው። ጠላ ሊጠነሰስ፣ ትልቅ እሳት ሊነድ ሲል ቀንዱን አውርደው ጓዳ ያስገባሉ። እሳቱ ሲጠፋ ይመልሳሉ። ለአባባ አይነግሩትም፣ እሱም አይጠይቅም። ስለ ጀግኖች ነፍጥ ብዙ ሰምቻለሁ። ያንን ነፍጥ የሚያጎርሰውን ባሩድ ከውኃም ከእሳትም ስለጠበቁ ሴቶች ግን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። በእኔ እምነት የታሪኩ ግማሽ እነሱ ጋ ነው ያለው።

ባሩድ እንደ ሰው አያረጅም

የሁላችንም ስሌት አንድ ነበር፦ ስንት ዘመኑ፣ ሞቷል። ባሩድ ግን እንደዚያ አይደለም። ጥቁር ባሩድ የከሰል፣ የድኝና የፖታሲየም ናይትሬት ድብልቅ ነው። ሦስቱም ብቻቸውን ቢቀመጡ ለዘመናት የማይለወጡ ነገሮች ናቸው። ተደባልቀውም ደረቅ ቦታ ካሉ እርስ በርስ አይበላሉም። ዕድሜ ብቻውን ባሩድን አይገድለውም።

ይህን የሚያሳዩ ታሪኮች አሉ። በ2013 እ.ኤ.አ. ጥር ላይ ኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ ሠራተኞች አንድ የድሮ መድፍ ሲያጸዱ ሆዱ ውስጥ ጥይትና 800 ግራም ገደማ ባሩድ አገኙ። መድፉ በ1780 እ.ኤ.አ. ከሰጠመች የእንግሊዝ የጦር መርከብ የተገኘ ነው። ለዓመታት ሕዝብ በሚያልፍበት ቦታ ቆሞ ነበር። ባሩዱ ገና የሚነድ ነበር። በ2008 እ.ኤ.አ. ደግሞ አሜሪካ ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ የድሮ የጦር ዕቃ ሰብሳቢ ከእርስ በርስ ጦርነታቸው ዘመን የቀረ የመድፍ ጥይት እያጸዳ ሳለ ፈንድቶ ገደለው። ከጦርነቱ ወዲህ 140 ዓመት አልፎ ነበር። ልምድ ያለው ሰው ነበር።

እኔን ይበልጥ ያስደነገጠኝ ዛሬ የግሪክ በሆነችው በሮድስ ደሴት የደረሰው ነው። በ1856 እ.ኤ.አ. የቅዱስ ዮሐንስ ተብሎ የተሠራውን ትልቅ ቤተ ክርስቲያን መብረቅ መታው፣ ያኔ መስጊድ ሆኖ ነበር። ከሥሩ ጓዳ ውስጥ ተረስቶ የኖረ ባሩድ ነበር። ሕንፃው ወደመ፣ ሰፈሩ ወደመ፣ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ። እዚያም ከላይ የሚኖረው ሰው ከታች ምን እንዳለ አያውቅም ነበር።

ባሩድን የሚጎዳው እርጥበት ነው። እዚህ ላይ እማሆይ ትክክል ነበሩ። ጥሩ ሆኖ የተጣራ ፖታሲየም ናይትሬት ከአየር እርጥበት የሚስበው አየሩ በጣም ሲከብድ፣ ከ90 በመቶ በላይ ሲሆን ነው። በደንብ ካልተጣራና ሌላ ጨው ከቀረበት ግን ቀድሞ ይስባል። ሶዲየም ናይትሬት ለምሳሌ 75 በመቶ አካባቢ ላይ ይጀምራል። የጣና ዳር ክረምት ይህን በቀላሉ ያልፋል። እርጥበት የገባበት ባሩድ ውስጥ ናይትሬቱ ይሟሟል። በጋ ሲመጣ ይደርቅና ከፍሬው ወደ ላይ ወጥቶ ነጭ ሆኖ ይታያል። ጉጧ ላይ ያየሁት ነጭ ነገር እሱ ነው።

ታዲያ ይህ ባሩዱን ሞተ አያሰኘውም። ድብልቁ ተዛባ ማለት ነው። አንዱ ጥግ ላይነድ ይችላል፣ ሌላው ጥግ ግን እንደ ድሮው ነው። ስለዚህ ያረጀ ባሩድ እንደ ትኩሱ አይታመንም። ስትለኩሰው ዝም ይላል፣ ሰው ጠጋ ሲል ይነሳል። ከየት እንደመጣ፣ እንዴት እንደቆየ የማይታወቅ ባሩድ ለመተኮስ አይሆንም፣ ለመሞከርም አይሆንም። የመጣው ባለሙያ "ለማወቅም አልሞክርም" ያለኝ አሁን ነው የገባኝ። ፍርሃት መስሎኝ ነበር። ሙያ ነው።

ቀንዱ

የአባባን የባሩድ ቀንድ ያገኘነው በማግስቱ ነው። ጥላሸት ለብሶ ቆጡ ላይ ነበር። ውታፉ ከአፉ ጋር ተጣብቋል። የአክስቴ ልጅ ውታፉን በቢላ ልፈልቅቀው አለ። ሽማግሌው እጁን ያዙት።

ምክንያታቸው ብረት ነው። ብረት ከብረት ወይም ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ ብልጭታ ያወጣል፣ ጥቁር ባሩድ ደግሞ ከዚያ በላይ ግብዣ አይፈልግም። የድሮ የባሩድ መጋዘኖች የብረት ምስማር እየተዉ በመዳብና በእንጨት የሚሠሩት ለዚህ ነበር። ሜዳ ላይ የተበተነ ባሩድ ቦግ ብሎ ያልፋል። ጠበቅ ብሎ የተዘጋ ዕቃ ውስጥ ያለ ግን ዕቃውን ይዞ ነው የሚሄደው። አሜሪካኖች ዛሬም ቤት ውስጥ ጥቁር ባሩድ ለሚያስቀምጥ ሰው ያወጡት የእሳት መከላከያ ደንብ የሚያዘው ወፍራም የእንጨት ሣጥን ነው። እንጨት ሙቀት ቶሎ አያሳልፍም፣ ቢብስም ይከፈታል እንጂ እንደ ብረት ካዝና አምቆ አያፈነዳም። እኛ ቤት ውድ ነገር ሲገኝ ወዲያው የብረት ሣጥን ውስጥ ገብቶ ይቆለፍበታል። ባሩድ ላይ ግን እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ራሱ አደጋ ነው።

እኔን ያሳሰበኝ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነው፦ ቀንዱ ውስጥ ያለው ምን ዓይነት ባሩድ ነው? በ1884 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ፖል ቪዬ ጭስ አልባውን ባሩድ ሠራ። ሁለት ዓመት ቆይቶ የለበል ጠመንጃ በሱ መጣ። ሁለቱ ባሩዶች አንድ ስም ይጋሩ እንጂ ባሕርያቸው አይገናኝም። ጭስ አልባው ለድሮ በርሜል እጅግ ኃይለኛ ነው። በአፈሙዙ የሚጎርስ ነፍጥ ውስጥ ቢገባ ብረቱን ተኳሹ ፊት ላይ ይበትነዋል። እርጅናውም ይለያል። ጥቁሩ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ጭስ አልባው ግን በጊዜ ብዛት ከውስጡ ይበሰብሳል፣ አሲድ አሲድ ይሸታል፣ ክፉኛ ከተበላሸ በራሱ ሞቆ ሊነሳ ይችላል። ውኃም እንደ ጥቁሩ አያበርደውም። አሮጌ ቀንድ ውስጥ ያለውን በቀለሙ አይቶ "ይሄ ጥቁር ነው" ማለት አይቻልም። ከጥይት ቀለህ እያራገፈ ያጠራቀመ ሰው ሊኖር ይችላል። እማሆይን ጠየቅኳቸው። "እሱ ከገበያ ያመጣል፣ እኔ አስቀምጣለሁ" አሉኝ። ምን እንደነበር አባባ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ቀንዱ ሳይከፈት ለባለሙያው ተሰጠ። የአክስቴ ልጅ ቅር አለው፣ ቀንዱ ያምር ነበር። እኔም ቅር አለኝ። ግን ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ሁላችንም ዓይናችን ጠመንጃው ላይ ነው የሚያርፈው። በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊ ጀምስ ብሩስ፣ ነፍጡን በእርሳስ ፈንታ የሻማ ጉማጅ አጉርሶ ጋሻዎችና የእንጨት ጠረጴዛ እንደበሳበት ጽፏል። ሻማ! ያየው ሰው ሁሉ ተገርሟል። እኔ አሁን ሳስበው የብሩስ ሻማ የሚለው ነገር ግልጽ ነው። የሚገድለው ብረቱ አይደለም፣ እርሳሱም አይደለም። ባሩዱ ነው። እኛ ደግሞ ብረቱን በቅባት እየወለወልን ባሩዱን ረሳነው።

ከዚያ ወዲህ

ሠርጉ በሰላም አለፈ። ጠመንጃው ባዶ ሆኖ፣ ታጥቦ፣ ጉዳዩ በሕግ እስኪያልቅ ሳይመጣ ቀረ። የ1177/2012 የጦር መሣሪያ አዋጅ ያለ ፈቃድ መያዝን ስለሚከለክል አጎቴ ወረቀቱን ይዞ ላይ ታች እያለ ነው። ሙሽራው በዱላ ፎከረ፣ ሰውም ወደደው።

ወሬው ግን ዘጌ ውስጥ ዞረ። ሽማግሌውን "እኛም ቤት አለ፣ ኑና እዩልን" የሚሏቸው ሰዎች መጡ። እሳቸው ሸምበቋቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ከሸምበቆው በፊት ግን እዚያ ቤት አሮጊት ወይም ሽማግሌ ካለ "ማን አጎረሰው? መቼ? ባሩዱን ማን ነበር የሚያስቀምጠው?" ብለው ይጠይቃሉ። እኔም እማሆይን በስልኬ እየቀዳኋቸው ነው። ስለ ባሩዱ ስጠይቅ ስለ ቡናው፣ ስለ ታንኳው፣ ስለ ወረርሽኙ ይነግሩኛል። አላቋርጣቸውም።

አንድ ቤት ግን እስካሁን እምቢ ብሏል። ጠመንጃው ሳሎን ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ ነው የተሰቀለው። ባለቤቱ ጥሩ ሰው ነው፣ ልጆችም አሉት። "አባቴ ራሱ ባዶ ነው ብሎኝ ነው የሞተው፣ የአባቴን ቃል በሸምበቆ አልለካም" ይላል። ሽማግሌው አልተቀየሙትም። በመጪው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አብረን ሄደን ደግመን እንለምነዋለን። የሚቻል ከሆነ የሱንም እናት እናነጋግራለን።